መጀመሪያ የሚታየው አያያዛችሁ ነው

የሸክላ ኢላማ ተኩስ ላይ ነጥብ እመዘግባለሁ፤ በማሽን ወደ አየር የሚወረወር ክብ ኢላማ በሾትገን፣ ማለትም ብዙ ትናንሽ እንክብል ባንድ ጊዜ በሚተፋ ጠመንጃ፣ የሚመታበት ስፖርት ነው። ራሴም እተኩሳለሁ። ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው ግን ከተኳሾቹ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ነው፤ በአንድ እጄ የኢላማ መልቀቂያ ቁልፍ፣ በሌላው እስክሪብቶ። ከዚያ ወንበር የሰው ፊት አይታይም። የሚታየው ጀርባ፣ ክርንና አፈሙዝ ነው። አዲስ ሰው ደግሞ ኢላማ ስለሳተ አይታወቅም። መሳትማ ሁላችንም እንስታለን። የሚታወቀው በማይተኩስበት ሰዓት ጠመንጃውን ሲይዝ ነው።

ሒሳቡን እዩት። በትራፕ (ኢላማው ከፊት ካለ ማሽን ወጥቶ ከተኳሹ እየራቀ የሚሄድበት ጨዋታ) አንድ ዙር ለአንድ ሰው 25 ኢላማ ነው። አምስት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል፣ በየተራው አንድ አንድ ይተኩሳል፣ ሁሉም አምስት አምስት ሲሞላለት ወደሚቀጥለው ቦታ ይዞራል። በጠቅላላው 125 ኢላማ ይወረወራል ማለት ነው። 25ቱ የእናንተ፣ 100ው የሌላ ሰው። መቶውን ጊዜ ጠመንጃና ጥይት ይዛችሁ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። የተኩስ ሜዳ ስነ ምግባር የሚባለው ነገር ከሞላ ጎደል እዚያ መቶው ውስጥ ነው ያለው። የጀማሪ ቀልብ ግን ሃያ አምስቱ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ መቶው ነው። ስለ ሃያ አምስቱም ትንሽ እላለሁ፣ ወደ መጨረሻው።

ከመኪና ስትወርዱ እንጀምር። ጠመንጃው በማኅደሩ ይምጣ። ማኅደሩ የሚከፈተው ሰው ተሰብስቦ በሚያወራበት መሀል አይደለም። ጠመንጃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ፣ እዚያ ወስዳችሁ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ አውጡት። እንደወጣ ወዲያው ይከፈታል። ከመሀል የሚታጠፍ ከሆነ ታጥፎ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ማጉረሻው ውስጥ ምንም አለመኖሩን ከሩቅ ያለ ሰው ሳይቀር ያያል። ብዙ አሰልጣኞች ጀማሪን በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ማስጀመር የሚወዱት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ መዝጊያው ወደ ኋላ እንደተሳበ ይቆያል፣ ማጉረሻው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ባንዲራ ይሰካበታል፣ አፈሙዙም ወደ ሰማይ ይሆናል።

"ባዶ ነው እኮ!" የሚል መልስ እዚህ አይሰራም። በእርግጥም ባዶ ሊሆን ይችላል። የሰው ልብ የሚያርፈው ግን በዓይኑ ሲያይ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፣ ተኳሽ ሁሉ ደግሞ መጠርጠር ልማዱ ነው። ጠመንጃ ዘግቶ የሚያቀብላችሁ ሰው ካለ፣ ዕድሜውም ማዕረጉም ምንም ይሁን ምን፣ "ይክፈቱልኝ" ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም አንጋፋዎቹ ይህን ያለ ጀማሪ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ለአንድ አዛውንት "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሳይከፍቱ ነው የሰጡኝ" ሲላቸው ሰምቻለሁ። ወስደው ከፈቱና መልሰው ሰጡት። "ጎሽ ልጄ" አሉት። ከዚያ በኋላ ያን ልጅ አጠገባቸው ሳያቆሙ አይተኩሱም።

የሰው ጠመንጃ ሳይፈቀድ አይነካም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቆንጆ ጠመንጃ ዓይን ይስባል፣ አውቃለሁ። የላብ ጨው ግን ብረትን ያዝገዋል፣ ባለቤቱ አሁን ወልውሎ አስቀምጦት ይሆናል። "ልየው?" ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ መልሱ እሺ ነው፣ የጠመንጃው ታሪክ ከነትውልዱ ይጨመርላችኋል። ተቀብላችሁ ስታበቁ ግን ዘግታችሁ ትከሻ ላይ አታድርጉ፣ ቃታም አትሳቡ። ለእሱ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተኩስ ቦታው። ጥይት የሚጎርሰው ቦታችሁ ላይ ከቆማችሁ በኋላ፣ አፈሙዙ ወደ ሜዳው ሲመለከት ብቻ ነው። አዲስ ከሆናችሁ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከእናንተ በፊት ያለው ሰው ሲዘጋጅ ጥይቷን አስገቡ፤ ጠመንጃውን ግን ክፍት ተዉት። እሱ ተኩሶ ሲጨርስ ዝጉ፣ ትከሻችሁ ላይ አድርጉ፣ ኢላማው እንዲወጣ ጥሩ። ለነጠላ ኢላማ አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው። በኦሎምፒክ ትራፕ መደበኛ ዙር ለአንድ ኢላማ ሁለት ጥይት ይፈቀዳል፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ጣት ቃታው ላይ የሚያርፈው ኢላማውን ልትጠሩ ስትሉ ነው። እስከዚያ ከቃታ መከለያው ውጭ ተዘርግቶ ይቀመጥ።

ከወንበሬ ላይ ሆኜ በጣም የሚያስፈራኝ ተኩሱ አይደለም፣ መዞሩ ነው። አምስተኛውን ጥይት የተኮሰ ጀማሪ ወይ ደስ ብሎታል ወይ ተናዷል። በሁለቱም ጊዜ መላ ሰውነቱ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። ጓደኛው እዚያ ነዋ የቆመው! "አየህ? አየህ?" ሊል ነው። ጠመንጃው ተዘግቶ አብሮት ሲዞር አፈሙዙ የአራት ሰው ሆድና የእኔን ፊት ጠርጎ ያልፋል። እዚህ ላይ ትህትና የለኝም፣ እጮኻለሁ። ስለዚህ ልማዱ ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ። ተኮሳችሁ፣ ከፈታችሁ፣ ቀለሁን አወጣችሁ፣ ማጉረሻው ባዶ መሆኑን አያችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው አንገት የሚዞረው። የመጨረሻው ሰው ተኩሶ እስኪጨርስ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። አምስተኛው ቦታ ላይ የነበረው ሰው ከሁሉም ኋላ ዞሮ ወደ አንደኛው ይሄዳል፣ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው እሱ ስለሆነ አትቸኩሉበት። በስኪት (ኢላማው ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት ማሽኖች ወጥቶ የሚሻገርበት ጨዋታ) ደግሞ ስምንት መተኮሻ ቦታ አለ፤ የሚተኩሰው ሰው ብቻ ገብቶ ይቆማል፣ ሌሎቻችሁ ጠመንጃችሁን ከፍታችሁ ከኋላ ትጠብቃላችሁ።

ስለ ጥይት አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ጀማሪ ሳለ አይነገረውም። 12 ጌጅ ጠመንጃ የያዘ ሰው ኪሱ ውስጥ 20 ጌጅ ጥይት ሊኖር አይገባም (ጌጅ የቱቦ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ቱቦው ይጠባል)። በፍጹም። 20 ጌጇ ቀጠን ስለምትል 12 ጌጅ ማጉረሻ ውስጥ ስትገባ ሾልካ ትሄድና ወደፊት ትወሸቃለች። ከኋላ ሲታይ ማጉረሻው ባዶ ይመስላል። ሰውየው ቃታ ይስባል፣ ምንም የለም፤ "ረስቼው ነው" ይልና 12 ጌጅ ይጨምርበታል። ከዚያ ሲተኩስ የፊተኛዋ አብራ ልትፈነዳ ትችላለች፣ ቱቦውም ሊቀደድ ይችላል፣ እዚያ ጋ ያለው ደግሞ ግራ እጃችሁ ነው። የ20 ጌጅ ጥይት ቀፎ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። የተዋሳችሁት የጥይት ቀበቶ ወይም ሰደሪያ ካለ፣ መጀመሪያ ኪሱን ገልብጣችሁ አራግፉ።

ጥይት ሲከሽፍስ? ቃታ ተሳበ፣ ቀጭ አለ፣ ዝም። ጀማሪ ወዲያው ከፍቶ ማየት ያምረዋል። አይሆንም። አፈሙዙ ወደ ሜዳው እንደተመለከተ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለመዝጋቢው አሳዩ፣ ከዚያ ይከፈታል። የበለጠ የምፈራው ደግሞ ደካማ ድምፅ ያላትን ጥይት ነው። ከተለመደው ድምፅ ይልቅ "ፑፍ" ካለች፣ ከውስጧ የሆነ ነገር ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ጥይት አትተኩሱ። ጠመንጃውን አራግፉ፣ በቱቦው ውስጥ ብርሃን መታየቱን አረጋግጡ። ቡድኑ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ማንም ቅር አይለውም። ቅር የሚለው ካለ ሌላ ቡድን ፈልጉ።

የጆሮና የዓይን መከላከያ ነገር ክርክር የለውም። የሾትገን ድምፅ ከ150 ዴሲብል በላይ ይደርሳል፤ ለቅጽበታዊ ድምፅ አደጋ የሚጀምረው 140 አካባቢ ነው። የምትተኩሱት ብቻ ሳትሆኑ አብሯችሁ የመጣ ተመልካችም ይልበስ፣ በተለይ ልጆች። የስፖንጅ መድፈኛ የምትጠቀሙ ከሆነ ጣታችሁ መሀል አሽታችሁ አቅጥኑት፣ ጆሯችሁን በሌላው እጅ ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ክተቱት፣ እስኪያብጥ በጣት ደግፉት። ጆሮ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ስፖንጅ ጌጥ ነው። መነጽሩ ደግሞ ለጥይት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኢላማ ስባሪ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ነፋስ ሲኖር በተለይ። ባለ ክንፍ ኮፍያም ለፀሐይ ብቻ አይደለም፣ ከጎናችሁ ያለው ሰው ግማሽ አውቶማቲክ ከያዘ ትኩስ ቀለህ እየወረወረባችሁ ነው። ግማሽ አውቶማቲክ የያዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ቀለህ የምትይዝ ትንሽ መሣሪያ ጎኑ ላይ ትገጠማለች። ግጠሟት፣ ጎረቤት ይወዳችኋል።

ቀለህ ካልን፣ ወለል ላይ የወደቀውን ለመልቀም ዙሩ መሀል አትጎንበሱ። ቀጣዩ ሰው ኢላማ ሊጠራ ነው፣ በጎኑ በኩል አንድ ነገር ዝቅ ከፍ ሲል ዓይኑ ይሰረቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እየተጎነበሰ ሳለ ከኪሱ ሙሉ ጥይቶቹ የተበተኑበትም አይቻለሁ። ዙሩ ይለቅ፣ ጠመንጃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይለቀማል። የራሳችሁን ብቻ። ቀለህ መልሰው የሚሞሉ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ ያ ገንዘብ ነው። መሬት የነካ ቀለህ የክለቡ ነው የሚል ደንብ ያላቸው ሜዳዎችም ስላሉ መጠየቅ ይሻላል።

አጠራር። "ፑል" (ልቀቅ) ስትሉ ድምፃችሁ አጭርና ግልጽ ይሁን፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት። ጀማሪ መጀመሪያ ላይ ያፍራል፣ ለራሱ የሚያንሾካሽክ ነው የሚመስለው። እኔ አልሰማውም፣ ኢላማው አይወጣም፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ይከብደዋል፣ ሁለተኛ ሲጠራ ይበረግጋል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላችሁ ጩኹ። ማይክሮፎን የተገጠመላቸው ሜዳዎች ላይ ደግሞ ማሽኑ ኢላማውን የሚለቀው ድምፅ ሲሰማ ነው። ሰው ይሁን ሳል ይሁን አይለይም። ከኋላ ሆነው ጮክ ብለው የሳቁ ሰዎች ለተኳሹ ያልጠራውን ኢላማ ሲልኩለት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ዝምታ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። መስመር ላይ ወሬ የለም፣ ስልክ ይዘጋል። "ዛሬ አንድም አልሳትክም እኮ!" ማለትም ወሬ ነው። 19 ለ19 የሄደን ሰው ይህን ብትሉት ሃያኛውን ይስታል፣ ከዚያ በኋላ ለምን እንዳኮረፋችሁ አይገባችሁም።

ምክር ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ ሆዴ ውስጥ ያለ ነገር አለ። አንድ ሰው ሁለት ኢላማ ተከታትሎ ሲስት፣ ከግራና ከቀኝ አስተማሪ ይፈላል። "ከኋላው ነህ!" "ጭንቅላትህን አነሳህ!" "ቶሎ በል!" "ተረጋጋ!" ምክሮቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ተኳሹ በሚቀጥለው ኢላማ ላይ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊሞክር ሲል ዓይኑ ኢላማውን ይተወዋል። ሴት ስትሆኚ ይኼ ነገር እጥፍ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ያልለመድኩት ነገር ቢኖር፣ ከእኔ ያነሰ ነጥብ ያስመዘገበ ሰው እንዴት እንደምቆም ሲያስረዳኝ ነው። እንደዚያ ሲሆን በሆዴ ዣንግ ሻንን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ስኪት ሴትና ወንድ አብረው ይወዳደሩ ነበር። ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በቀጣዩ ኦሎምፒክ በ1996 ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነ፣ የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ይህን ለመካሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። በትህትና "አመሰግናለሁ፣ ዙሩ ሲያልቅ እንነጋገር" እላለሁ። ዙሩ ሲያልቅ አብዛኞቹ ረስተውታል።

ለጀማሪ የምለው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ምረጡ። አሰልጣኝ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነ የምታምኑት ረጋ ያለ ተኳሽ። ከእሱ ብቻ ስሙ፣ ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት። ራሳችሁም ካልተጠየቃችሁ አትምከሩ። የደህንነት ነገር ሲሆን ብቻ፣ ያኔ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ማንም ማንንም "አቁም!" ማለት ይችላል። "አቁም" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ማን እንዳለው አትጠይቁ፣ ክፈቱና ቁሙ።

ከመዝጋቢ ጋር ስለመጨቃጨቅ ደግሞ፣ ወገንተኛ ነኝ፣ አልክድም። ኢላማው ከድንጋይ ዱቄትና ከቅጥራን መሰል ነገር የተሠራ ነው፣ ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ። 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ክብደቱ 105 ግራም አካባቢ። እንክብል ሲነካው አቧራ ቦለል ሊል ይችላል። አቧራ ነጥብ አይደለም። በዓይን የምትታይ ስባሪ ከኢላማው ስትለይ ነው "ተመታ" የሚባለው። ጀማሪ አቧራ ሲያይ እጁን ያነሳል፣ እኔ "ዜሮ" እላለሁ፣ ዞሮ ያየኛል። (መዞር አይቻልም ብዬ ነበር!) በእርግጥ እኔም ሰው ነኝ፣ ፀሐይ ዓይኔን ሲወጋኝ ትንሽ ስባሪ ሊያመልጠኝ ይችላል። ጥያቄ ካላችሁ ወዲያውኑ፣ የሚቀጥለው ሰው ከመተኮሱ በፊት፣ ጠመንጃችሁን ከፍታችሁ እጅ አንሱ። የቡድኑን ሰዎች እጠይቃለሁ፣ እንወስናለን፣ አለቀ። ሦስት ሰው ከተኮሰ በኋላ ወይም ሻይ ላይ የሚመጣ ክርክር አይሰማም። ከማሽኑ ተሰብሮ የሚወጣ ኢላማ ሲያጋጥም ደግሞ አትተኩሱበት። አይቆጠርም፣ ሌላ ይሰጣችኋል። ስባሪ ላይ ተኩሶ "መታሁት" የሚል ሰው ያስቃል እንጂ ነጥብ አያገኝም።

አንድ የምጠላው ልማድ አለ፣ ብዙ ጥሩ ተኳሾች የሚያደርጉት። ተራቸውን ሲጠብቁ የጠመንጃውን አፈሙዝ ጫማቸው ጫፍ ላይ ያሳርፋሉ። ጫማ ላይ የሚታሰር የጎማ ወይም የቆዳ ማረፊያ ሳይቀር ይሸጣል። ጠመንጃው ክፍትና ባዶ ነው ይላሉ፣ ክንድም ያርፋል። በአንዳንድ ሜዳ ይፈቀዳል። ጀማሪ ግን አትጀምሩት። የገዛ እግርን በአፈሙዝ መንካት የለመደ እጅ ሌላ ቀን ሳይከፍት ያሳርፋል። ክንዳችሁ ከደከመ ጠመንጃውን አጥፋችሁ ክንድ ላይ አስተኙት።

እሺ፣ ሃያ አምስቱ።

መጀመሪያ የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራ እወቁ። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ በሁለቱም ዓይን ሩቅ ያለ ነገር ተመልከቱ፣ ከዚያ አንዱን ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ እንዳለ ከቆየ ክፍት የቀረው ዓይን ነው መሪው። ከጠፋ ሌላው ነው። ቀኝ እጅ ሆናችሁ ግራ ዓይን ከመራ፣ ኢላማውን በሚገባ አየሁት እያላችሁ በጎኑ ትተኩሳላችሁ፣ ለምን እንደሆነም አይገባችሁም። ከግራ ትከሻ መተኮስ ወይም ግራው መነጽር ላይ ትንሽ ቁራጭ ፕላስተር መለጠፍ መፍትሔ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ያጣራ አሰልጣኝ ወርቅ ነው።

ሰደፉ ወደ ጉንጭ ይመጣል፣ ከዚያ ትከሻ ውስጥ ይገባል። ጉንጭ ወደ ሰደፍ ከወረደ አንገት ይጎብጣል። ጉንጭ ከሰደፉ ከተነሳ ደግሞ ጥይቱ በኢላማው አናት ላይ ያልፋል። የጀማሪ ስህተት ስመዘግብ ብዙው ይኼ ነው፤ ተኮሰ፣ ኢላማው ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ቸኮለ፣ ጭንቅላቱን አነሳ። የሚያሳዝነው፣ ጭንቅላቱን ያነሳው ከመተኮሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ ለራሱ ግን አይታወቀውም። ክብደት ወደ ፊተኛው እግር ትንሽ ያጋድል። ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው ጠመንጃው ገፍቶ ገፍቶ ሰማይ ያሳየዋል።

ዓይን ኢላማው ላይ ይተከል። ጠመንጃው ጫፍ ላይ ያለችውን ነጥብ አትዩ። ኳስ ሲወረወርላችሁ እጃችሁን አታዩም አይደል? እንደዚያው ነው። የትራፕ ኢላማ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ ነው የሚወጣው፣ ነጥቧንና ኢላማውን እየተመላለሳችሁ ለመለካት ጊዜ የለም። የምትለኩ ሲሆን ጠመንጃው ይቆማል፣ ኢላማው ይሄዳል። ከተኮሳችሁም በኋላ ጠመንጃው መንገዱን ትንሽ ይቀጥል።

የራሳችሁን ጠመንጃ ለመግዛት አትሩጡ። ተዋሱ፣ ተከራዩ፣ ሦስት አራት ዓይነት ሞክሩ። ሰደፉ ረዘም ካለ ብብት ላይ ይያዛል፣ ካጠረ አውራ ጣታችሁ አፍንጫችሁን ይመታል። ትከሻው ጠቁሮ "ይኼ ጨዋታ ለእኔ አይሆንም" ብሎ የቀረ ሰው ብዙ ነው፣ ጥፋቱ ግን ያልተስማማው ሰደፍ ነበር። ለመጀመሪያ ቀን ቀለል ያለ ጥይት ጠይቁ። በኦሎምፒክ ውድድር የሚፈቀደው የእንክብል ክብደት ራሱ 24 ግራም ነው፣ ለጀማሪ 32 ግራም ምን ይሠራል?

እንክብሉ እርሳስ ስለሆነ ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ከመብላት በፊት፣ ልጅ ከማቀፍም በፊት። ሲጋራም ያው።

በመጨረሻ፣ ሳትሄዱ የነጥብ ወረቀቱን እዩት። ድምሩን አይተው የሚሄዱ ሰዎች ይገርሙኛል። እኔ አምስት ረድፍ ነው የምጽፈው፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ። በየረድፉ የመጀመሪያዋ ዜሮ ከሆነች፣ አዲሱ ቦታ ላይ ስትደርሱ ሳትዘጋጁ ነው የምትጠሩት። የመጨረሻዋ ዜሮ ከሆነች፣ አእምሯችሁ ከእናንተ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ቦታ ሄዷል። አንደኛውና ሁለተኛው ቦታ ላይ ደህና ሆናችሁ አምስተኛው ላይ ዜሮዎች ከተደረደሩ፣ እግራችሁን እዩ። አንደኛው ቦታ ላይ የቆማችሁበትን አቋቋም ይዛችሁ ነው የዞራችሁት፣ ወደ ቀኝ የሚሄደው ኢላማ ላይ ወገባችሁ ያልቅና ጠመንጃው ይቆማል። እግር የሚተከለው ኢላማውን መምታት ወደምታስቡበት አቅጣጫ ነው፣ በየቦታው እንደገና። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከፈለጋችሁ እኔም አብሬ አየዋለሁ። ሲጠይቁኝ ነው የምናገረው።